ድምፁ የማይሰማው ሠራተኛ፦ የኮምፒውተር ውሃ ፓምፕ ታሪክ

ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተወራበት ቀን የለም። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ቺፕ ነው። ማን ስንት ቺፕ ገዛ፣ አሜሪካ ለቻይና የትኛውን ከለከለች፣ የኢንቪዲያ አክሲዮን ስንት ገባ። ቺፖቹ በሚሠሩበት አዳራሽ ውስጥ ግን፣ እሱ ሲቆም ሁሉንም ይዞ የሚቆም ሌላ ዕቃ አለ። የውሃ ፓምፕ ነው።

ስሙን የሚያነሳለት የለም። የዜና ርዕስም ሆኖ አያውቅም። ታሪኩ ግን ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ይጀምራል፤ በአንድ ወቅት ደግሞ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ወጥቶ በመኝታ ቤታቸው ኮምፒውተር የሚፈታቱ ወጣቶች እጅ ገብቶ ነበር። እነዚያ ወጣቶች ፓምፕ ሲመርጡ የደረሱበት መልስ ዛሬም ይሠራል።

በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ያ ሙቀት ካልወጣ ቺፑ ይሞታል። ሙቀቱን በማራገቢያ አየር ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን እኩል መጠን ያለው ውሃ ከአየር ከ3,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይሸከማል። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ላይ ውስጡ ቀጫጭን ቦይ ያለው የመዳብ ሳህን ይደረጋል፣ ውሃ በቱቦ ይገባበታል፣ ሞቆ ይወጣል፣ ራዲያተር ውስጥ ቀዝቅዞ ይመለሳል። መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፑ ነው።

▪️ ፓምፑ ከግድግዳ ወዲያ የነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አይቢኤም «ሲስተም 360 ሞዴል 91» የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተር ሲሠራ አየር ብቻውን አልበቃ አለው። በወረዳዎቹ መካከል የሚያልፈውን አየር የሚያበርድ የውሃ ቱቦ አስገባ። የመጀመሪያው ማሽን በ1967 ለናሳ ተሰጠ። በ1980 ይፋ በሆነው 3081 ኮምፒውተር ደግሞ ኩባንያው ውሃውን ወደ ቺፖቹ ይበልጥ አስጠጋው። ከ100 በላይ ቺፖች በአንድ ሴራሚክ ሰሌዳ ላይ ተደረደሩ፣ በእያንዳንዱ ቺፕ ጀርባ በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ የብረት ፒስተን አረፈ፣ ክፍተቱ በሂሊየም ጋዝ ተሞላ፣ ከላይ ውሃ የሚያልፍበት ሳህን ተደረገ። ውሃውን የሚያዘዋውረው ክፍል ራሱን የቻለ ትልቅ ቁም ሳጥን ነበር።

ሲሞር ክሬይ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1976 ሎስ አላሞስ የገባው ክሬይ-1 የሚቀዘቅዘው እንደ ፍሪጅ በፍሪዮን ነበር። በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ደግሞ ወረዳዎቹን እንዳሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ነከራቸው።

በዚያ ዘመን የፓምፕ ድምፅ የማንም ራስ ምታት አልነበረም። ማሽኑ ያለበት ክፍል ድሮውንም ይጮኻል፤ ተጠቃሚው ከግድግዳ ወዲያ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ፓምፕ ቢበላሽ በውል የታሰረ ቴክኒሻን ይመጣል። ዋጋውን የሚከፍለው መንግሥት፣ ባንክ ወይም አየር መንገድ ነው።

ከዚያ ውሃው የተነነ መሰለ። በ1990ዎቹ አይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን ብዙ ኃይል ከሚበላው ባይፖላር ቴክኖሎጂ ሲሞስ ወደሚባለው ቀዝቀዝ ያለ ቴክኖሎጂ ማዞር ጀመረ። በ1994 የወጡት አዳዲሶቹ ማሽኖች በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ ነበሩ። ቱቦውም ፓምፑም የድሮ ነገር ሆኑ።

▪️ ውሃው መኝታ ቤት ሲገባ

የረሱትን ነገር የመለሱት ትልልቆቹ አይደሉም። በነሐሴ 1998 ኢንቴል «ሴለሮን 300ኤ» የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አወጣ። በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የተሸጠ ቢሆንም፣ አንድ ቅንብር ሲቀየርለት ብዙ ጊዜ ያለ ችግር 450 ይሄድ ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ የሀብታም ኮምፒውተር ፍጥነት በነፃ አገኘ። ወሬው ተዛመተ። ፕሮሰሰርን ከታዘዘለት በላይ ማስሮጥ የአንድ ትውልድ ስፖርት ሆነ።

ፍጥነት ግን ሙቀት ይዞ ይመጣል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የኤኤምዲ «አትሎን» ፕሮሰሰሮች ከ70 ዋት በላይ ይበሉ ነበር። በ2001 «ቶምስ ሃርድዌር» የተባለው የቴክኖሎጂ ገጽ ማቀዝቀዣው ከላዩ ሲነሳበት አትሎን በሰከንዶች ውስጥ ጭሶ ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ፤ ብዙ ሰው ደነገጠ። መፍትሔ ተብለው የተሸጡት በደቂቃ እስከ 7,000 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ማራገቢያዎች ነበሩ። ይሠራሉ፤ ግን አጠገባቸው ተኝቶ ማደር ፈተና ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹ ወደ ውሃ ዞሩ። የሚገዛ የተዘጋጀ ዕቃ አልነበረም። ሳህኑን ከመዳብ ራሳቸው ቀረጹት። ራዲያተሩን ከመኪና ተራ አመጡት፤ በአሜሪካ የ1977 ፖንቲያክ ቦነቪል የውስጥ ማሞቂያ ራዲያተር በዚህ ሥራ ስም አወጣ። ያስቸገራቸው ፓምፑ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት የተፈጥሮ ነው፦ ጠንካራውን መምረጥ። በየጓሮው ለፏፏቴ የሚሸጡ ፓምፖች ርካሽና ጉልበታም ነበሩ። ነገር ግን የተሠሩት ለደጅ ነው። ክፍል ውስጥ ሲገቡ ያጉረመርማሉ። ውሃ ውስጥ ተነክረው ስለሚሠሩ የራሳቸውን ሞተር ሙቀት መልሰው ለውሃው ይሰጣሉ። ውሃውን ለማቀዝቀዝ የመጣው ዕቃ ራሱ ያሞቀዋል ማለት ነው። ባዶ በርሜል ይጮኻል እንደሚባለው፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ፓምፕ ከሁሉ የተሻለው አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከዓሣ ቤት ነው።

▪️ የዓሣ አርቢው ውርስ

ጉንተር አይሃይም በ1949 ጀርመን ውስጥ የመሠረተው ኩባንያ በጌጥ ዓሣ መስታወት ገንዳ ማጣሪያዎቹ ይታወቃል። ከምርቶቹ መካከል ሦስት ትንንሽ ፓምፖች በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ዝነኛ ሆኑ፦ በሰዓት 300 ሊትር በ5 ዋት የሚገፋው 1046፣ 600 ሊትር በ10 ዋት የሚገፋው 1048፣ እና 1,200 ሊትር በ28 ዋት የሚገፋው 1250።

ቁጥሮቹ የሚያስደንቁ አይደሉም። የሚያስደንቀው ፓምፖቹ የተሠሩለት ሰው ነው። የጌጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው ገንዳውን የሚያስቀምጠው ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ነው። ፓምፑ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ መሥራት አለበት። ለሰዓታት ቢቆም በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ውሃው ይመረዛል፣ ዓሦቹ ይገለበጣሉ። ስለዚህ ይህ ደንበኛ ገና ኮምፒውተር በውሃ ይቀዘቅዛል ሳይባል በፊት ሁለት ነገር ሲጠይቅ ኖሯል፦ አትጩኽ፣ አትቁም። ፋብሪካው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ዓመታት አስቆጥሯል። የኮምፒውተር ወጣቶቹ የተዘጋጀ መልስ አገኙ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ውሃውን የሚገፋው ክንፍ ማግኔት ላይ የተገጠመ ነው። ማግኔቱ በሴራሚክ ዘንግ ላይ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይዞራል፤ የኤሌክትሪክ ጥቅሉ ከግድግዳ ወዲያ በሙጫ ታሽጎ ተቀምጧል። በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፍ ዘንግ የለም። ዘንግ ከሌለ ተበልቶ ውሃ የሚያፈስ ጎሚኒ የለም። ቅባት የሚፈልግ ኩሽኔታም የለም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው። የሚበላሽ ነገር ያነሰበት ዕቃ ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበረበት። ፓምፑ የሚሠራው በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ 12 ቮልት ነው። ኮምፒውተሩን አብርቶ ፓምፑን መሰካት የረሳ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮሰሰሩን አደጋ ላይ ይጥላል። ብልሆቹ ኮምፒውተሩ ሲበራ ፓምፑንም አብሮ የሚያበራ ሪሌ ገጠሙ። ሌሎቹ ከመብራቱ ማጥፊያ አጠገብ ወረቀት ለጠፉ።

▪️ አንድ ብቻ የሚንቀሳቀስ ክፍል

ይህን የዘጋው ሌላ የጀርመን ስም ነው፦ ላይንግ። ኩባንያው ለቤት ሙቅ ውሃና ለፀሐይ ኃይል ማሞቂያ ውሃ የሚያዞሩ ፓምፖች ይሠራ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ በ12 ቮልት የሚሠራው «ዲ5»፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ በተለያየ የንግድ ስም ወደ ኮምፒውተር ገበያ ገባ።

በዲ5 ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ቅርጹ የኳስ ግማሽ ይመስላል፤ በአንዲት ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ላይ ተቀምጦ በማግኔት ኃይል ይዞራል። ዘንግ የሚባል ነገር የለውም። ሴራሚኩ በጊዜ ቢበላም ክፍሉ ራሱን እያስተካከለ ይቀመጣል እንጂ አይላላም፤ ስለዚህ ሲያረጅ መንቀጥቀጥ አይጀምርም። ፋብሪካው የሰጠው የአገልግሎት ዘመን 50,000 ሰዓት ነው፤ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ቢሠራ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ። አንዱ ዓይነት ከጀርባው ፍጥነቱን በአምስት ደረጃ መቀየሪያ አለው፦ በደቂቃ ከ1,800 እስከ 4,800 ዙር።

ታናሽ ወንድሙ «ዲዲሲ» መጠኑ ያነሰ፣ ውሃን በጠባብ ቦይ የመግፋት ኃይሉ ግን የበለጠ ነበር። ዋጋውን በሌላ መንገድ ያስከፍላል፦ ይሞቃል፣ ድምፁም ቀጠን ብሎ ይሰማል። ቦታ የጠበበው እሱን ይመርጣል፤ ዝምታ የፈለገ ዲ5ን። በ2009 ላይንግን የአሜሪካው አይቲቲ ገዛው፤ በ2011 የውሃው ክፍል ተለይቶ ዛይለም የተባለ ኩባንያ ሆነ። ዲ5 ግን እንዳለ ቀጠለ። በየዓመቱ አዲስ ነገር በሚሸጥበት የኮምፒውተር ገበያ ውስጥ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሳይሻር የቆየ ዕቃ ማግኘት ብርቅ ነው።

▪️ ሒሳቡ ምን ይላል?

ጠንካራ ፓምፕ የተሻለ ያቀዘቅዛል የሚለው እምነት እስካሁን ብዙ ሰው ያስወጣል። ቀላል ሒሳብ ግን ያፈርሰዋል።

300 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ኮምፒውተር እንውሰድ። በደቂቃ አራት ሊትር ከሩብ ገደማ ውሃ ቢያልፍበት፣ ውሃው ሲገባና ሲወጣ ያለው የሙቀት ልዩነት አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ፍሰቱን እጥፍ ብናደርገው ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ይሆናል። በሳህኑ ውስጥ ሙቀት የሚተላለፍበት ፍጥነት በጥቂቱ ይሻሻል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅ ነገር የለም። ለዚያች ለውጥ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ፓምፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ያድጋል። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው የሚወስደው ኃይል ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለፓምፕ የተነገረ ይመስላል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ያታልላል። «በሰዓት 1,500 ሊትር» የሚለው የሚለካው ፓምፑ ምንም ሳይቃወመው ሲገፋ ነው። ጠባብ ቦይ ያለው ሳህን፣ ራዲያተርና ረጅም ቱቦ ሲገጠምለት ፍሰቱ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ «ስንት ሊትር?» ሳይሆን «በዚህ ሁሉ መቃወም ውስጥ ስንት ሊትር ይተርፋል?» የሚለው ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ፓምፕ በብሎን በቀጥታ ከብረት ሳጥኑ ጋር ከታሰረ ሳጥኑን እንደ ከበሮ ያደርገዋል፤ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ላይ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ያንጎራጉራል፤ መውጣት አለበት። ውሃ ሳይኖር ለአፍታም መነሳት የለበትም፤ የሚያለሰልሰው ውሃው ነውና። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ፍጥነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሽቦ ያለው ፓምፕ ደግሞ ሲቆም ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ዕድል ይሰጠዋል።

▪️ አፕል የተማረው

በሰኔ 2004 አፕል ይህን ዕውቀት ወደ ፋብሪካ አስገባው። 2.5 ጊጋኸርዝ ሁለት ፕሮሰሰር ያለውን «ፓወር ማክ ጂ5» በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አድርጎ ለሕዝብ ሸጠ። ዓላማው ዝምታ ነበር፤ ገዢዎቹ የድምፅና የፊልም ባለሙያዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲወጣ ተደነቀ። ከዓመታት በኋላ ግን ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ ፈሳሽ እያፈሰሱ የውስጥ አካላቸውን አበላሹ። አፕል በ2006 በኢንቴል ፕሮሰሰር የሠራው ተተኪ ማሽን ወደ አየር ተመለሰ።

ትምህርቱ ውሃ አይረባም የሚል አይደለም። የማቀዝቀዣው ዕድሜ የሚለካው በደካማው መገጣጠሚያ ነው። ፓምፑ አሥር ዓመት ቢሠራ ጎሚኒው በአምስተኛው ዓመት ከለቀቀ ፓምፑ ያደረገው ነገር ቢኖር ውሃውን ወደ ወረዳው መርጨት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዘው ሌላ መንገድ ነው። የዴንማርኩ አሴቴክ ፓምፑን ከመዳብ ሳህኑ ጋር አንድ አካል አድርጎ፣ ከፋብሪካው ውሃ ሞልቶ አሽጎ መሸጥ ጀመረ። ገዢው የሚሠራው በብሎን ማሰር ብቻ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ዋጋ ነበረው፦ በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቀመጠ የዳኞች ጉባኤ በፓተንት ክስ በኩለር ማስተር ላይ ለአሴቴክ ፈረደ። ምቾቱ እውነት ነው። የሚከፈለው ዋጋም እውነት ነው፦ የታሸገው ፓምፕ ሲሞት ሳህኑም፣ ቱቦውም፣ ራዲያተሩም አብረው ይጣላሉ። ዲ5 ቢሞት የሚቀየረው ዲ5 ብቻ ነው። ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ላለ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

▪️ የመኝታ ቤቱ ጥያቄ ወደ አዳራሹ ሲመለስ

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ ውሃ የተመለሱት ዘግይተው ነው። አይቢኤም በ2008 በውሃ የሚቀዘቅዝ «ፓወር 575» አወጣ። ጉግል በ2018 ሦስተኛውን ትውልድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፑን በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ማድረጉን ተናገረ። በ2022 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ የዓለም ፈጣኑ የተባለው «ፍሮንቲየር» ሥራ ሲጀምር፣ እያንዳንዳቸው 350 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አራት ፓምፖች በደቂቃ ከ22,000 ሊትር በላይ ውሃ ይገፉለት ነበር። በ2024 ኢንቪዲያ 72 ቺፖችን በአንድ ቁም ሳጥን የሚያስተሳስር ማሽን ይፋ አደረገ። ያ አንድ ቁም ሳጥን 120 ኪሎዋት ያህል ይበላል። ከላይ ባለው ሒሳብ፣ ውሃው አሥር ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድለት፣ በደቂቃ 170 ሊትር ያህል ሊያልፍበት ይገባል። ይህን የሚሸከም አየር የለም።

በእነዚህ አዳራሾች ፓምፕ ብቻውን አይተውም። አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲተካ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ይገጠማሉ። የዓሣ አርቢው ፍርሃት በሚሊዮን ዶላሮች ተባዝቶ ተመለሰ።

ነገሩ ከኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የቢትኮይን ማዕድን ለሚያወጡ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ክርክሩ ሁሉ በሜጋዋትና በዶላር ላይ ነው። እነዚያ ማሽኖች የሚወስዱት እያንዳንዱ ሜጋዋት ግን ተመልሶ የሚወጣው ሙቀት ሆኖ ነው። ነገ የዳታ ማዕከል እንገንባ ሲባል የሚቀርበው የመጀመሪያ ገጽ ስለ ቺፕ ይሆናል። ስለ ማቀዝቀዣው የሚናገረው ገጽ ከኋላ ይሆናል። ሙቀቱን የሚያወጣው በምንድን ነው? ማዞሪያው ሲቆም ማን ይተካዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ ቺፑ በሰዓቱ መድረሱ ብዙም አይጠቅም።

የመኝታ ቤቱ ወጣቶች መሐንዲስ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጠንካራውን ሞክረው፣ ድምፁ አላስተኛቸው ብሎ፣ ዕቃ አቃጥለው ነው የተማሩት። በመጨረሻ ያዋጣቸው በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ማወዳደር አልነበረም። ያዋጣቸው «ይህ ፓምፕ መጀመሪያ ለማን ተሠራ? ሲቆምስ ማን ይጎዳ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለጓሮ ፏፏቴ የተሠራ ፓምፕ ቢቆም የሚቀረው ፏፏቴው ብቻ ነው። ለዓሣ የተሠራው ቢቆም ዓሣው ይሞታል፤ ስለዚህ እንዳይቆም ተደርጎ ተሠራ።